መርዙ ለቀጣዩ መቺ ነው፦ ግሉምሄቨን ጥቃትን እንዴት ያሰላል?

አንድ ሰይፈኛ ጭራቅ ይመታል። የምቱ ኃይል 3 ነው፤ ሰይፉ ደግሞ መርዝ አለው። በጨዋታው ሕግ መሠረት የተመረዘ ጠላት በተመታ ቁጥር የምቱ ኃይል በ1 ይጨምራል። እስቲ ገምቱ፦ የመጀመሪያው ምት 3 ነው ወይስ 4?

ብዙ ጀማሪ 4 ይላል። መልሱ 3 ነው። መርዙ የሚገባው ጉዳቱ ተቆጥሮ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ሰይፈኛው በዚህ ምት ምንም አይጠቀምበትም። የሚጠቀመው ከእሱ ቀጥሎ የሚመታው ጓደኛው ነው።

ትንሽ ሕግ ትመስላለች አይደል? እኔ ግን ግሉምሄቨን የተባለውን የቦርድ ጨዋታ ከሚያስደንቁኝ ነገሮች ሁሉ ይህችን አስቀድማለሁ። ጨዋታውን የነደፈው አይዛክ ቺልድረስ ነው፤ ሴፋሎፌር ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2017 አሳተመው። ከ1 እስከ 4 ሰው ሆኖ ጭራቆችን በጋራ የሚዋጋበት፣ ወደ 10 ኪሎ የሚመዝን ሳጥን ውስጥ 95 ተልዕኮዎች የያዘ ነው። ቦርድጌምጊክ በተባለው የጨዋታ ወዳጆች ድረ ገጽ ላይም ለዓመታት አንደኛ ሆኖ ቆይቶ ነበር። ስለ ታሪኩ፣ ስለ ሥዕሎቹና ስለ ሳጥኑ ክብደት ብዙ ተብሏል። እኔ ማየት የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በጥቃት ጊዜ በተዋጊዎች ላይ የሚያርፉትን "ሁኔታዎች"። መርዝ፣ ቁስል፣ ግራ መጋባት፣ እግር መታሰር፣ ትጥቅ መፍታት፣ መደንዘዝ፣ እርግማን፣ ምርቃት እና ሌሎችም አሉ።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ከእነዚህ ውስጥ የተጫዋቹን ስሌት የሚቀይሩት የጨዋታው ምርጥ ሥራ ናቸው። ተራውን ጠቅልሎ የሚወስደው መደንዘዝ ግን ደካማው ነው። ምክንያቴን ለማሳየት መጀመሪያ አንድ ጥቃት እንዴት እንደሚሰላ እንይ።

የአንድ ምት ቅደም ተከተል

በግሉምሄቨን ዳይስ አይጣልም። ዕድሉ ያለው በካርድ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ሲጀምር 20 የጥቃት ማስተካከያ ካርዶች አሉት፤ ጭራቆቹ ደግሞ ተመሳሳይ 20 ካርድ በጋራ ይጠቀማሉ። ክምሩ እንዲህ ነው፦ 6 ካርድ ዜሮ (ምንም የማይቀይር)፣ 5 ካርድ +1፣ 5 ካርድ −1፣ 1 ካርድ +2፣ 1 ካርድ −2፣ 1 ካርድ እጥፍ፣ 1 ካርድ ደግሞ ባዶ። ባዶው ከወጣ ምቱ ዜሮ ይሆናል።

ምት ሲሰነዘር ስሌቱ በዚህ ቅደም ተከተል ይሄዳል። በመጀመሪያ የምቱ ኃይል ላይ ጭማሪዎች ይደመራሉ፤ ጠላቱ ቀድሞ ተመርዞ ከነበረ +1 የሚገባው እዚህ ነው። ከዚያ ካርድ ይነሳና ውጤቱ ይስተካከላል። ከዚያ የጠላት ጋሻ ይቀነሳል። ጉዳቱ ይቆጠራል። በመጨረሻም ምቱ ይዞት የመጣው አዲስ ሁኔታ ካለ ያርፋል። ጠላቱ ካልሞተ በስተቀር ጋሻው ጉዳቱን ሙሉ በሙሉ ቢከለክለው እንኳን ሁኔታው ያርፋል። ይህንን ልብ በሉ፤ 1 ጉዳት እንኳን ማድረስ ያልቻለ ምት መርዝ ሊያደርስ ይችላል።

ዲጂታል ሰርኪዩት የተማራችሁ ይህንን አሠራር ታውቁታላችሁ። ፍሊፕ-ፍሎፕ የምንለው ትንሽ የማስታወሻ ክፍል በሰዓት ምት አዲስ ዋጋ ይቀበላል፤ ያንን ዋጋ ይዞ የሚያሰላው ግን ቀጣዩ ምት ነው። በዚህኛው ምት የሚሠራው በቀድሞው ዋጋ ነው። መሐንዲሶች እንዲህ የሚያደርጉት ለውበት ብለው አይደለም፤ አንድ ዋጋ በተመሳሳይ ቅጽበት እየተነበበም እየተጻፈም ከሆነ ውጤቱ አይታመንም። ግሉምሄቨንም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፦ አንብብ፣ አስላ፣ ከዚያ ጻፍ።

በጨዋታው ጠረጴዛ ላይ ግን ይህ ቅደም ተከተል ሌላ ጥቅም አለው። መርዙ ለቀጣዩ ሰው ስለሆነ "ከእኔ ቀጥሎ ማን ነው?" የሚለው ጥያቄ ዋጋ ያገኛል። ተጫዋቾች በየዙሩ ሁለት ሁለት ካርድ በስውር ይመርጣሉ፤ ከካርዶቹ በአንዱ ላይ ያለው ቁጥር ማን ቀድሞ እንደሚንቀሳቀስ ይወስናል። ቁጥሩን በግልጽ መናገር ክልክል ነው። "እኔ በጊዜ እነሳለሁ"፣ "እኔ ዘግየት እላለሁ" ማለት ግን ይቻላል። ስለዚህ መርዝ ያለው ሰው ጓደኞቹን በግማሽ ቋንቋ ማስረዳት አለበት። መርዙ ወዲያው ቢሠራ ኖሮ ይህ ሁሉ ንግግር አይኖርም ነበር፤ ሰይፈኛው የራሱን 4 መትቶ ዝም ይል ነበር።

መርዝና ቁስል በቁጥር

አሁን ትንሽ ሂሳብ። ኃይሉ 3 የሆነ ምት፣ ጋሻ በሌለው ጠላት ላይ፣ በአማካይ ስንት ጉዳት ያደርሳል? ሃያውን ካርድ አንድ በአንድ ደምሩ፦ 6 + 5 + (5 × 4) + (6 × 3) + (5 × 2) + 1 + 0 = 60። ለ20 ስናካፍለው 3። የእጥፉ ካርድ የሚሰጠንን ባዶው ይወስድብናል፤ ሌሎቹም እርስ በርስ ይጣፋሉ። ስለዚህ የመርዝ +1 ሲጨመር አማካዩ ልክ 4 ይሆናል። አንድ ሦስተኛ ጭማሪ ነው።

ጋሻ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። ጠላት ጋሻ 2 ካለው ያው የ3 ምት በአማካይ 1.15 ብቻ ያደርሳል። በመርዝ ጊዜ 2.10 ይሆናል፤ እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ጋሻ 3 ከሆነ ደግሞ ከ0.5 ወደ 1.2 ይወጣል። ያቺው +1 ጠላቱ በጠነከረ ቁጥር ከጠቅላላው ጉዳት የምትይዘው ድርሻ ይበዛል። በካርዱ ላይ "+1" ተብሎ የተጻፈውን አንብቦ "ምን ይረባል" የሚል ሰው ይህንን አላየም።

ቁስል ሌላ ባሕርይ አለው። የቆሰለ ተዋጊ ተራው በደረሰ ቁጥር መጀመሪያ ላይ 1 ጉዳት ይደርስበታል። ጋሻ የሚከላከለው ጥቃትን ስለሆነ ቁስልን አያቆመውም። እና የቱ ይሻላል? መልሱ እንደ ሰዉ ብዛት ነው። ጋሻ 3 ባለው ጠላት ላይ በዙር አንድ ጊዜ ብቻ የምትመቱ ከሆነ መርዝ የሚጨምርላችሁ 0.7 ነው፤ ቁስል ግን 1 ይሰጣል። ሁለታችሁ ከመታችሁ መርዝ 1.4 ይሆንና ይበልጣል። አራት ከሆናችሁ ወሬም የለውም። አንድ ምልክት ከሌላው "ይበልጣል" ወይም "ያንሳል" ብሎ መደምደም የማይቻልበት ጨዋታ ማለት ይህ ነው።

ሁኔታው በእኛ ላይ ሲያርፍስ? የተመረዘ ሰው ሲታከም ሕክምናው መርዙን ብቻ ያጠፋል፤ አንድም የሕይወት ነጥብ አይመልስም። የቆሰለ ሰው ግን ሲታከም ቁስሉም ይድናል፣ ነጥቡም ይመለሳል። ሁለቱም ካሉበት ሁለቱም ይጠፋሉ፤ ነጥብ ግን የለም። ስለዚህ ሐኪሙ ማሰብ አለበት፦ ታላቁን ሕክምና በተመረዘ ሰው ላይ ላባክን ወይስ ትንሿን አስቀድሜ መርዙን ላጥፋ?

ግራ መጋባት፣ እርግማንና ምርቃት

ግራ የተጋባ ተዋጊ ሲመታ አንድ ሳይሆን ሁለት ካርድ ያነሳል፤ የሚሠራው ግን መጥፎው ነው። ከ20 ካርድ ሁለት ሁለት ለማንሳት 190 የተለያዩ ጥንዶች አሉ። እነዚህን ስንቆጥር የ3 ምት አማካይ ወደ 2.23 ይወርዳል፤ ሩብ ያህል ጠፋ ማለት ነው። ባዶው የመውጣት ዕድሉ ከ5% ወደ 10% ያድጋል። እጥፉ ካርድ ደግሞ ጨርሶ አይሠራም፤ አንድ ብቻ ስለሆነ አብሮት የሚወጣው ሁልጊዜ ከእሱ ያነሰ ነው። እናም ግራ መጋባት ከአማካዩ ይልቅ የሚነካው ድንገተኛውን ታላቅ ምት ነው። የሕይወት ነጥቡ ጫፍ ላይ የደረሰ ጓደኛ ካላችሁ የምትፈሩት አማካዩን አይደለም፤ እጥፉን ነው።

ይህም ቢሆን ሁልጊዜ አይጠቅምም። ከሩቅ የሚመታ ቀስተኛ አጠገቡ የቆመ ሰው ላይ ሲተኩስ ያለ ምንም ምልክት ሁለት ካርድ አንስቶ መጥፎውን ይወስዳል። እዚህ ላይ ግራ መጋባት ቢጨመርበት ለውጥ የለውም፤ አይደራረብም። አጠገቡ መቆም ከቻላችሁ ካርዳችሁን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

እርግማን ከሁሉም ይለያል፤ በተዋጊው አካል ላይ ሳይሆን በካርዱ ክምር ውስጥ ነው የሚያርፈው። አንድ ተጨማሪ ባዶ ካርድ ክምሩ ውስጥ ይገባና ይበወዛል። ሲወጣ አንድ ምት አምክኖ ይሄዳል። ምርቃትም እንዲሁ ነው፤ የሚገባው ግን እጥፍ ካርድ ነው። ሙሉ በሆነ የ20 ካርድ ክምር ውስጥ 5 እርግማን ብታስገቡ ከ25 ካርድ 6ቱ ባዶ ይሆናሉ፤ የመክሸፍ ዕድል ከ5% ወደ 24% ይዘላል፣ የ3 ምት አማካይም 2.4 ይሆናል። ጭራቆቹ ክምሩን የሚጋሩ ስለሆነ እርግማኑ የማንን ምት እንደሚያመክን አይታወቅም። ጭራቅ በበዛበት ክፍል ካርዱ ቶሎ ቶሎ ይነሳል፣ እርግማኑም ቶሎ ይደርሳል። አንድ ጭራቅ ብቻ በቀረበት ክፍል ግን ጨዋታው ሳይወጣ ሊያልቅ ይችላል። በአማርኛ "እርግማኑ ደረሰበት" እንደምንለው ነው፤ መቼ እንደሚደርስ ግን ተርጋሚውም ረጋሚውም አያውቁም።

ቦታ የሚወስነው ሁኔታ

እግሩ የታሰረ ተዋጊ መንቀሳቀስ አይችልም፤ መምታት ግን ይችላል። ወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ቅጣት ነው። ቦርዱ ላይ ግን ሁሉንም የሚወስነው ርቀት ነው። በቅርብ ብቻ የሚመታ ጭራቅ እግሩ ታስሮ እናንተ ሁለት ባለ ስድስት ጎን ክፍሎች ርቃችሁ ከቆማችሁ ምንም ሊያደርግ አይችልም፤ በተግባር ትጥቁን የፈታ ያህል ነው። ቀስተኛ ከሆነ ግን እግሩ ቢታሰር ባይታሰር ግድ የለውም፤ ባለበት ሆኖ ይተኩሳል። ከእኛ መካከል ከጭራቁ በፊት የሚነሳው ሰው ፈቀቅ ማለት ይችላል፤ ከጭራቁ በኋላ የሚነሳውና አጠገቡ የቆመው ግን ምቱን ይቀበላል።

ቼዝ የምትጫወቱ ይህን ታውቁታላችሁ። ንጉሡን ከጠላት የሸፈነ ፈረስ ከቦታው ንቅንቅ ማለት አይችልም። ማንም ምልክት አላስቀመጠበትም፤ ያሰረው አቀማመጡ ነው። የግሉምሄቨን እግር መታሰር ምልክት ቢኖረውም ኃይሉን የሚያገኘው ከዚሁ ነው። ምልክቱን የሚያስቀምጠው አንድ ሰው ነው፤ ዋጋ የሚሰጡት ግን የሌሎቹ እርምጃዎች ናቸው።

የመደንዘዝ ችግር

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የደነዘዘ ተዋጊ በተራው መንቀሳቀስም፣ መምታትም፣ ዕቃ መጠቀምም አይችልም። እስከሚቀጥለው ተራው መጨረሻ ድረስ በቃ፣ የለም። ከላይ ባየነው ስሌት ግራ መጋባት ከ3 ምት ላይ 0.77 ይወስዳል፤ መደንዘዝ 3ቱንም ይወስዳል። የአራት ግራ መጋባት ያህል መሆኑ ነው፤ እንቅስቃሴው፣ ራስን ማከሙና ሌላው ሳይቆጠር።

ኃይለኛ መሆኑ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ችግሩ ሕጉ ለጭራቅና ለሰው እኩል መሆኑ ነው፤ ጭራቅና ሰው ግን እኩል አይደሉም። የደነዘዘ ጭራቅ አይሰለችም። የደነዘዘ ሰው ግን ሌሎቹ ሦስቱ ሲያስቡ፣ ሲከራከሩ፣ ጭራቆቹም ሲንቀሳቀሱ ቁጭ ብሎ ያያል። በዚያ ላይ የመረጣቸው ሁለት ካርዶች ሳይሠሩ ከእጁ ይወጣሉ። በግሉምሄቨን ደግሞ ካርድ ጉልበት ነው፤ ካርዱ ያለቀበት ሰው ከተልዕኮው ይወጣል።

ለፍትሕ ያህል፣ አንድ መውጫ አለ። ሕጉ የደነዘዘ ሰው ረጅም እረፍት እንዲያደርግ ይፈቅድለታል። ረጅም እረፍት ተራን መስዋዕት አድርጎ አንድ ካርድ በማጣት የተጠቀሙባቸውን ካርዶች የማስመለሻ መንገድ ነው፤ 2 ነጥብ ያህልም ያክማል። ስለዚህ በዚህ ዙር ተራዬን ከጨረስኩ በኋላ ከደነዘዝኩ፣ በሚቀጥለው ዙር ካርድ ከመምረጤ በፊት አስባለሁ፦ "ያው ተራዬ ጠፍቷል፤ ለምን አላርፍም?" ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ጉዳቱን ወደ ውሳኔ ይቀይረዋል። ካርዴን መርጬ፣ ተራዬ ሳይደርስ ከደነዘዝኩ ግን ምንም ጥያቄ የለም። ሁለቱ ካርዶች ተቃጥለዋል፣ ተራው ተቃጥሏል። ምልክቱ አንድ ነው፤ በጥቂት ደቂቃ ልዩነት ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይሆናል።

ጨዋታው ራሱም የሚያውቀው ይመስለኛል። ቦስ የሚባሉት ዋና ጭራቆች ካርድ ላይ የማይነኳቸው ሁኔታዎች ዝርዝር ይጻፋል፤ መደንዘዝ በአብዛኞቹ ዝርዝር ውስጥ አለ። ባይኖር ኖሮ የታሪኩ መዝጊያ ፍልሚያ እንቅልፍ በወሰደው አውሬ ላይ የሚደረግ ድብደባ ይሆን ነበር። ነገር ግን ቦሱን የሚጠብቅ ዝርዝር ሲኖር ተጫዋቹን የሚጠብቅ ዝርዝር የለም።

በተቃራኒው የሚነሳ ክርክር አለ፤ ቀላል አይደለም። መደንዘዝ ስለሚያስፈራ ተጫዋቾች ያቅዳሉ፤ የሚያደነዝዘውን ጭራቅ ቀድመው ይገድላሉ፣ ከርቀቱ ይወጣሉ። ስጋት ከሌለ ዕቅድም የለም። እስማማለሁ። ግን የጭራቆቹ ካርድ የሚገለጠው ተጫዋቾቹ ካርዳቸውን ከመረጡ በኋላ ነው። ስለዚህ ጭራቁ በዚህ ዙር የማደንዘዣውን ካርድ ማንሳቱን የምናውቀው ካርዳችን ከተመረጠ በኋላ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ተነሺዎች በስተቀር ብዙ የሚደረግ ነገር አይቀርም።

ምን ይሻል ነበር?

ከዓመታት በኋላ የወጣው ተከታዩ ጨዋታ ፍሮስትሄቨን አዳዲስ ሁኔታዎች ጨምሯል፤ ሁለቱን ልጥቀስ። አንደኛውን "ተሰባሪነት" እንበለው፦ ቀጥሎ የሚደርስበት ጉዳት እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛውን "መዓት" ልንለው እንችላለን፦ እስከሚቀጥለው ተራው መጨረሻ ካልታከመ 10 ጉዳት ይወርድበታል። 10 አስደንጋጭ ቁጥር ነው፤ ከመደንዘዝ የባሰ ሊገድል ይችላል። ግን ልዩነቱን ተመልከቱ። መዓት የወረደበት ሰው ተራው አልተነጠቀም። ሰዓቱ እየቆጠረ ጠረጴዛው ሁሉ "ማን ይድረስለት?" ይላል። መደንዘዝ ግን በፍሮስትሄቨንም አልቀረም።

እኔ ብሆን በሰው ላይ የሚያርፈውን መደንዘዝ እንዲህ እቀይረው ነበር፦ የደነዘዘ ተጫዋች ተራው ሲደርስ ወይ እግሩ የታሰረ፣ ወይ ትጥቁን የፈታ እንዲሆን ራሱ ይምረጥ። አንዱን ያጣል፤ የትኛውን እንደሚያጣ ግን ያስባል። ይህ ተልዕኮውን ያቀልለዋል፤ ግሉምሄቨን የችግር ደረጃ የሚስተካከልበት ሕግ ስላለው ግን በአንድ ደረጃ ከፍ በማድረግ ማካካስ ይቻላል። የቤት ሕግ ነው፤ ሞክሩትና ፍረዱ።

ጨዋታው በእጃችሁ ባይኖርም የጥቃቱን ስሌት መሞከር ትችላላችሁ። 20 ቁራጭ ወረቀት ላይ ከላይ የዘረዘርኳቸውን ቁጥሮች ጻፉ፣ በውዙ፣ የ3 ምት ሃምሳ ጊዜ ምቱ። ለቁጥራችን እንዲመች ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ወረቀቱን መልሳችሁ በውዙ። ከዚያ ሁለት እያነሳችሁ መጥፎውን በመውሰድ ሃምሳ ጊዜ ድገሙት። አማካያችሁ ወደ 3 እና ወደ 2.23 ይጠጋል፤ ልክ ላይሆን ይችላል፣ ሃምሳ ጊዜ ትንሽ ነው። ቀጥሎ አዲስ ሁኔታ ራሳችሁ ፍጠሩ። ፈጥራችሁ ስትጨርሱ የጉዳቱን መጠን ብቻ አትዩ፤ ምልክቱ ያረፈበት ሰው ተራው ሲደርስ የሚመርጠው ነገር ቀርቶለት እንደሆነ ጠይቁ።